አስራ አንዱ ቀን፦ ክርስትና ሳይገባ እንግሊዞች ወርን በጨረቃ ሲቆጥሩ

በ725 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ፣ የታይን ወንዝ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዳሩ ላይ በተተከለው የጃሮ ገዳም፣ ቢድ የሚባል መነኩሴ ስለ ዘመን ቆጠራ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ፈጸመ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ 71 ምዕራፍ አለው። ዋና ጉዳዩ የፋሲካን ዕለት ማውጣት ነው፤ እግረ መንገዱን ግን በጣት ስለ መቁጠር፣ ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ስለ ዕብራውያን፣ ስለ ግብፃውያን፣ ስለ ሮማውያንና ስለ ግሪኮች ወራት ያስተምራል። 15ኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሌላውን ሕዝብ ሁሉ አቆጣጠር ተናግሮ የገዛ ወገኑን ማለፍ ተገቢ ሆኖ እንዳልታየው ይገልጽና፣ አባቶቹ ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ወራቸውን በጨረቃ እንዴት ይቆጥሩ እንደነበር ይጽፋል።

አጭር ምዕራፍ ናት። የወሮቹን ስም በተርታ ትሰጣለች፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ታክላለች፤ መጨረሻ ላይ ቢድ ወገኑን ከዚያ ከንቱ አምልኮ ስላወጣ ለኢየሱስ ምስጋና ያቀርብና ይዘጋዋል። አንግሎ-ሳክሶኖች በአረማዊነት ዘመናቸው ስለነበራቸው አቆጣጠር ዛሬ የሚታወቀው፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በስተቀር፣ ሁሉም ከዚህች ምዕራፍ የተገኘ ነው። ያን አምልኮ አጥብቆ የሚቃወም ሰው ባይጽፈው ኖሮ እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር። ቢድን የማከብረው በዚህ ነው፤ የማይቀበለውን ነገር ሳያዛባና ሳያንኳስስ፣ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጭምር መዝግቦ አቆየው።

ለነገሩ የአረማዊነቱ ዘመን ሩቅ አልነበረም። በጳጳስ ጎርጎርዮስ የተላኩት መነኮሳት ከሮም መጥተው ኬንት የደረሱት በ597 ነው። የቢድ አገር የኖርዘምብሪያ ንጉሥ ኤድዊን የተጠመቀው በ627 ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አረማዊ ግዛት የዋይት ደሴት በኃይል ወደ ክርስትና የገባችው በ686 ነው። ቢድ በ673 ገደማ ተወልዶ በሰባት ዓመቱ ለገዳም የተሰጠ ልጅ ነበር። እሱ ፊደል በሚቆጥርበት ጊዜ በአካባቢው የነበሩ አረጋውያን፣ ወላጆቻቸው ለጣዖት ከብት ሲያርዱ ያዩ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው በዚያ ሥርዓት ያደጉ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ምዕራፏን ሳነብ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነገር አይመስለኝም፤ ከሰው አፍ የተሰማ ነው የሚመስለኝ።

መነኮሳቱ ለጨረቃ ያላቸው ትኩረት ደግሞ ከአረማውያኑ ያነሰ አልነበረም። ፋሲካ በጨረቃ ይወጣልና አንዱ ወገን ጨረቃን በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ፣ ሌላው በሌላ ሲያሰላ ቤት ይከፈል ነበር። ቢድ ራሱ በታሪክ መጽሐፉ እንደተረከው የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኦስዊ የአየርላንድ መነኮሳትን ልማድ ይከተላል፤ በኬንት ያደገችው ንግሥት ኤያንፍሌድ የሮምን። ከዚህ የተነሣ ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካ ሲያከብር ንግሥቲቱ ከነተከታዮቿ ገና ሆሳዕና ላይ የምትሆንበት ጊዜ ነበር። ይህን ለመፍታት በ664 በዊትቢ ጉባኤ ተቀመጡና ሮም አሸነፈች። ቢድ ያደገው ከዚያ ጉባኤ በኋላ ነው፤ ያን ወፍራም መጽሐፍ የጻፈውም አሸናፊው ሥሌት ትክክል መሆኑን ለማስረዳት ነው። የተሟገተለት ሥሌት የእስክንድርያ ሊቃውንት የ19 ዓመት ቀመር ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ ዛሬም በዓላቷን የምታወጣው በዚሁ ነው። ቢድ በመጽሐፉ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ የሚሸፍነው 532 ዓመት፣ እኛ ዐቢይ ቀመር የምንለውን ማለት ነው። ጃሮ ያለ መነኩሴና አክሱም ያለ ካህን በዚያ ዘመን ሳይተዋወቁ ፋሲካን በአንድ ቀን ያውሉ ነበር።

ወደ አረማውያኑ ወራት ከመግባታችን በፊት ግን የአገሩን ሰማይ ማሰብ ይኖርብናል፤ ያለዚያ አቆጣጠሩ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጃሮ ላይ ግን በዲሴምበር ፀሐይ ከሰማይ የምትቆየው ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በጁን 17 ሰዓት ያልፋል። ጨረቃ ደግሞ የፀሐይን ተቃራኒ ትሠራለች። ሙሉ የሆነች ጨረቃ ሁልጊዜ ከፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም፣ በበጋ ፀሐይ ከፍ ብላ ስትዞር ሙሉ ጨረቃ አድማሱን ታክካ ቶሎ ትጠልቃለች፤ በክረምት ፀሐይ ሳትነሣ ስትወድቅ ሙሉ ጨረቃ የበጋዋን ፀሐይ መንገድ ይዛ አናት ላይ ትወጣለች፣ 16 እና 17 ሰዓትም ታበራለች። ቀኑ በተሰረቀበት ወቅት ሌሊቱን የምትመልስ እሷ ናት። መንገድ የሚሄድ፣ ከብት የሚያግድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚነሣ ሁሉ የጨረቃን ዕድሜ ሳያውቅ አይወጣም። ሮማዊው ታሲተስ በ98 ገደማ ስለ ጀርመን ነገዶች ሲጽፍ ጊዜን በቀን ሳይሆን በሌሊት እንደሚቆጥሩ፣ ሸንጎም የሚቀመጡት ጨረቃ ስትወለድ ወይም ስትሞላ እንደሆነ መዝግቧል። አንግሎ-ሳክሶኖች ከእነዚያው ነገዶች የወጡ ናቸው።

ቢድ እንደሚለው ዓመቱን በሁለት ይከፍሉታል። ቀኑ ከሌሊቱ የሚረዝምባቸው ስድስቱ ወራት በጋ፣ የቀሩት ስድስቱ ክረምት ናቸው። ክረምቱ የሚገባው ከኦክቶበር ጋር በሚገጥመው ወር ሲሆን ስሙ ዊንተርፊሌት ነው፤ የክረምት ሙሉ ጨረቃ እንደ ማለት ነው። በዚያ ወር ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ ክረምት ገባ ይባላል። ለዚህ የሚሆን ቁጥርም ሠንጠረዥም አያስፈልግም፤ ደጅ ወጥቶ ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ ብሎድሞናት፣ የደም ወር፣ በኖቬምበር ግድም። በዚህ ወር የሚያርዷቸውን ከብቶች ለአማልክቶቻቸው ይሰጡ እንደነበር ቢድ ይናገራል። የገበሬው ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ሣር ደርቋል፣ የተከመረው ድርቆሽ ሁሉንም ከብት እስከ ማርች አያደርስም፣ ስለዚህ የሚታረደው ታርዶ ሥጋው በጨው ይያዛል። ጳጳስ ጎርጎርዮስ በ601 ወደ እንግሊዝ ይጓዝ ለነበረው ለአባ ሜሊተስ በጻፉት ደብዳቤ ይህን ሥርዓት በአንዴ እንዳይነቅሉት መክረዋል፤ ቤተ ጣዖቱን አታፍርሱ፣ ጣዖቱን ብቻ አውጥታችሁ ሕንፃውን በጠበል ባርኩት፣ ሕዝቡም ከብቱን ያርድ፣ ነገር ግን ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን የሚል ነው ሐሳባቸው። የደም ወር ስሙ ለዘመናት ሳይጠፋ የቆየው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ይመስለኛል።

ከዚያ ሁለት ወር በአንድ ስም ይመጣሉ። ዩሊ ይባላሉ፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ግድም። አንዱ ፀሐይ ወደ ኋላ ከመመለሷ በፊት ያለው፣ ሌላው ቀኑ መርዘም ከጀመረ በኋላ ያለው ነው። ስሙ የእንግሊዞች ብቻ አልነበረም፤ ከጎጥ ሕዝብ በተረፈች የስድስተኛው ክፍለ ዘመን የብራና ቁራጭ ላይ የዚሁ ስም ዘመድ ለኖቬምበር ተሰጥቶ ይገኛል። በሁለቱ ዩሊ መካከል ዓመቱ ይገለበጣል። ቢድ ዓመት የሚጀምሩት በዲሴምበር 25 ሌሊት እንደነበር፣ ያችንም ሌሊት ሞድራነክት፣ የእናቶች ሌሊት፣ ብለው እንደሚጠሯት ጽፎ፣ ስሙ የወጣው ሌሊቱን ሙሉ ከሚፈጽሙት ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምቱን ያክላል። ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ አልተናገረም። እናቶቹ እነማን እንደሆኑ ግን ፍንጭ አለ። በሮማውያን ዘመን በራይን ወንዝ ዳርቻና በብሪታንያ ሳይቀር፣ ቢድ ከሚኖርበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚጀምረው የሃድሪያን ግንብ ዙሪያ፣ ለእናቶች ተብለው የቆሙ የድንጋይ መሠዊያዎች ተገኝተዋል። የተቀረጹት ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ጭናቸው ላይ የፍራፍሬ ቅርጫት፣ ዳቦ ወይም ሕፃን ይዘዋል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። ወሮቹ በጨረቃ የሚሄዱ ከሆነ ዓመቱ በምን ተአምር ሁልጊዜ በዲሴምበር 25 ይጀምራል? አይጀምርም። ቢድ የሚያውቀው ሰው ሁሉ በሮማው የዩልየስ ካላንደር ስለሚቆጥር ያየውን በዚያ ላይ አመቻችቶ ማስቀመጡ ነው። ዲሴምበር 25 በሮማውያን ልማድ ሌሊቱ እጅግ የሚረዝምበት ዕለት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ የእናቶች ሌሊት ከመጀመሪያው የተያያዘው ከፀሐይ መመለሻ ጋር ነበር ማለት የተሻለ ነው። ይህች ትንሽ አለመግጠም አቆጣጠሩ በጨረቃ ብቻ የማይሄድ፣ በፀሐይ ላይ ሁለት ችካል የተከለ መሆኑን ታሳየናለች። አንዱ ችካል በሁለቱ ዩሊ መካከል ነው፤ ሁለተኛውን በበጋ እናገኘዋለን።

ፌብሩዋሪ ላይ ሶልሞናት ይገባል። ቢድ በዚህ ወር ለአማልክት ቂጣ ይቀርብ ነበርና የቂጣ ወር ማለት ይቻላል ይላል። ብዙ የቋንቋ ሰዎች ስሙ ከጭቃ ጋር የተያያዘ ነው ብለው ይከራከሩታል፤ እኔ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ከ11ኛው ክፍለ ዘመን በተረፈ የእንግሊዝ ብራና ላይ አልበቅል ያለ መሬትን ለማዳን የሚፈጸም ረጅም ሥርዓት ተጽፏል። ከየዱቄቱ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ተወስዶ፣ በወተትና በጠበል ተለውሶ፣ መዳፍ የሚያህል ዳቦ ይጋገርና የመጀመሪያው ትልም ሥር ይቀበራል። ጊዜው የክርስትና ነው፣ ጸሎቶቹም የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን ማረሻ ጭቃውን መገልበጥ በሚጀምርበት ወቅት መሬትን ዳቦ ማብላት ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም።

ማርች ህሬትሞናት ነው፣ ህሬታ ለምትባል አምላክ የሚሠዋበት። ኤፕሪል ኤዮስቱርሞናት፣ ኤዮስትሬ ለምትባል አምላክ። የእንግሊዝ ክርስቲያኖች ፋሲካን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚህች አምላክ ስም እንደሆነ የነገረን ቢድ ነው፤ ከእሱ ሌላ ስሟን የጠቀሰ ጥንታዊ ጸሐፊ የለም። ስለዚህም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገሚሱ ሊቅ ቢድ ከወሩ ስም ተነሥቶ የፈጠራት ናት ሲል፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ በተቃራኒው ሄዶ ለጀርመን ሁሉ የምትሆን አምላክ አደረጋት። ሁለቱም አበዙት። በ1958 በምዕራብ ጀርመን ሞርከን-ሃርፍ በተባለ ስፍራ ከ150 በላይ የድንጋይ ጽሑፎች ተቆፍረው ወጡ፤ በሮማውያን ዘመን የቆሙና አውስትሪያሄኔ ለሚባሉ እናቶች የተሰጡ ናቸው። ስሙ ከኤዮስትሬ ጋር አንድ ሥር ያለው ይመስላል። ቢድን ውሸታም ማለት ከዚያ በኋላ ቀላል አልሆነም። ጠላት የሚላትን አምላክ ፈጥሮ የቤተ ክርስቲያኑን ታላቅ በዓል በስሟ የሚያስጠራ መነኩሴ ማሰብም ቀድሞውኑ ከባድ ነበር።

ሜይ ትሪሚልኪ ይባላል፤ ላሞች በቀን ሦስቴ የሚታለቡበት ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚታለብ ላም ያለው ሰው ሦስተኛዋን አለባ ሲሰማ ሣሩ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። አራት ወር ድርቆሽ ቆርጥማ አጥንቷ የወጣ ላም በድንገት እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ለምለም ውስጥ ትገባለች፤ ጡቷ እኩለ ቀን ላይ ይወጠራል። ቢድ ይህ በረከት ድሮ በብሪታንያ ወይም ሕዝቡ በፈለሰበት በጀርመን ምድር የነበረ እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል፤ በሱ ዘመን የሚታይ አይመስልም። ከወሮቹ ሁሉ ይህኛውን እወደዋለሁ፤ አምላክም መሥዋዕትም የለበትም፣ ያለው ወተት ብቻ ነው።

ጁንና ጁላይ እንደገና ሁለት ወር በአንድ ስም ናቸው፣ ሊታ። ነፋሱ ለስላሳ፣ ባሕሩ ለመርከብ የተመቸ ስለሆነ ነው ይላል ቢድ። ኦገስት ዌዮድሞናት ነው፤ አረሙ የሚበዛበት። ሴፕቴምበር ሃሌግሞናት፣ የተቀደሰው ወር፤ የሥርዓት ወር መሆኑን ብቻ ነግሮን ያልፋል። ከዚያ ዊንተርፊሌት ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከሚቀጥለው ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ከጥቂት ደቂቃዎች ጋር ይሆናል። አሥራ ሁለት ጨረቃ 354 ቀን ነው። ፀሐይ ዙሯን የምትጨርሰው በ365 ቀን ከሩብ ግድም። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ይህችን 11 በስሟ ያውቃታል፤ ጥንተ አበቅቴ ናት፣ ወንበሩ የሚባዛባት። አንድ ሕዝብ ይህን ጉድለት ዝም ካለው ወሮቹ በየዓመቱ በ11 ቀን ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ወቅቱን ይለቃሉ። ሙስሊሞች የሚቆጥሩበት የሂጅራ ዓመት ሆን ብሎ ይህን ይቀበላል፤ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። ወሩን በላም ወተትና በማረሻ ጭቃ ስም የጠራ ሕዝብ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። አሥራ ስድስት ዓመት ቢታገሥ ትሪሚልኪ የዓመቱን ግማሽ አቋርጦ በረዶ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ዓመት ሲሞላ 33 ቀን ይጠራቀማል፤ አንድ ወር ይጨመራል። ቢድ ይህን በግልጽ ጽፎታል። አሥራ ሦስት ጨረቃ የሚሆንበት ዓመት ሲመጣ ትርፉን ወር ለበጋ ይሰጡታል፤ ያኔ ሊታ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል፣ ዓመቱም ትሪሊቲ፣ ባለ ሦስት ሊታ፣ ይባላል። ከጳጉሜን ጋር እንዳይምታታ፤ ጳጉሜን የፀሐይ ዓመት ትርፍ የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ናት፣ በየዓመቱም አለች። ይህ ግን ሙሉ ጨረቃ ነው፣ የሚመጣውም አንዳንዴ ብቻ ነው። በበጋ መካከል መጨመሩም ብልህነት ነው። እርሻው ተዘርቶ አልደረሰም፣ ከብቱ መስክ ላይ ነው፣ መሥዋዕት የሚቀርብበት ቀጠሮ የለም። አንድ ወር ቢጨመር የማንም ሥራና የማንም በዓል አይናጋም።

መቼ እንደሚጨመር ግን ማን ይወስናል? እዚህ ላይ ቢድ ዝም ይላል። የተሻለው ግምት ከሁለቱ ችካሎች ይነሣል፤ ሁለቱ ዩሊ አጭሩን ቀን፣ ሁለቱ ሊታ ረጅሙን ቀን ከግራና ቀኝ መያዝ አለባቸው። ሁለተኛው ዩሊ ፀሐይ ሳትመለስ ቀድሞ ከጀመረ ቆጠራው ወደ ፊት አምልጧል፣ በሚመጣው በጋ አንድ ወር ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ጋር በሚመሳሰል ነገር በስዊድን ኡፕሳላ ክርስትና ከገባ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ሕዝቡ ይሠራበት ነበር፤ በጃንዋሪ 6፣ በእነሱ በዓለ አስተርእዮ፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃ የዩል ጨረቃ ናት፣ ታላቁ ገበያም በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ይቆማል ይባል ነበር። አንዲት ዕለት ችካል ሆና ጨረቃዋን ትይዛለች።

ብዙ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ደንቡን ከዚህም አጥብቀው፣ የስምንት ወይም የ19 ዓመት ዑደት አድርገው ሊያቀርቡት ሞክረዋል። እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ ምክንያቴም የሚመጣው ከእኛው አገር ነው። በኦሞ ሸለቆ የሚኖሩት ሙርሲዎች ዓመታቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ እያንዳንዷን ጨረቃ በርጉ ይሏታል። ከእነሱ ጋር የኖረው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተንና የሥነ ፈለክ ሰው የሆነው ክላይቭ ራግልስ በ1978 ባወጡት ጥናት የገለጹት ነገር አስደናቂ ነው። አሁን ስንተኛው በርጉ ላይ ነን ብላችሁ ብትጠይቁ ሰዎቹ አይስማሙም፤ አንዱ አምስተኛ ሲል ሌላው ስድስተኛ ይላል። አለመስማማቱ ግን አያውካቸውም። ዝናቡ ሲመጣ፣ የታወቁ ኮከቦች ምሽት ላይ ከአድማስ ሥር ሲገቡ፣ ኦሞ ሞልቶ ሲጎድል፣ ለካስ እንዲህ ነበር ብለው ወደ ኋላ ተመልሰው ይስማማሉ። አሥራ ሦስተኛውን ጨረቃ የሚያውጅ ሹም የላቸውም፤ ክርክሩ ራሱ ጉድለቱን ውጦ ያስተካክለዋል። ያንን ጥናት የጻፉት ሰዎች የብሪታንያን ጥንታዊ የድንጋይ ክቦች ሰማይ መመልከቻ አድርገው የሚያዩ ሊቃውንት ቆም ብለው እንዲያስቡ አድርገዋል፤ ሠንጠረዥና ሊቀ ካህናት ሳይኖር ጨረቃና ፀሐይ ሊታረቁ እንደሚችሉ በሕይወት ያለ ማኅበረሰብ አሳይቷቸዋልና።

የአንግሎ-ሳክሶኖቹም አቆጣጠር ለዚህ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። ሙርሲዎች እርስ በርስ ሳይስማሙ መቆየት የሚችሉት በአንድ ቀን አንድ ቦታ የሚያሰባስብ ግዴታ ስለማይጫናቸው ነው። ለሃሌግሞናት ሥርዓትና ለዊንተርፊሌት ሙሉ ጨረቃ ከየመንደሩ የሚሰበሰብ ሕዝብ ግን ከወዲሁ መስማማት ነበረበት። የውሳኔው ሥልጣን የንጉሥ ወይም የጣዖት ካህን ሳይሆን አይቀርም። ክርስቲያን ነገሥታት በዊትቢ ጨረቃን በጉባኤ ሲወስኑ ለሕዝቡ ፈጽሞ አዲስ ነገር አላመጡም ይሆናል።

ጨረቃን ትቶ ፀሐይን ብቻ መያዝም ያለ ችግር አልነበረም። አይስላንድ የሰፈሩት ኖርዌያውያን ወደ ሳምንት ቆጠራ አዘንብለው ዓመቱን 52 ሳምንት፣ 364 ቀን አደረጉት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጋው ወደ ፀደይ እየተንሸራተተ መሆኑን አስተዋሉና ቶርስታይን የተባለ ሰው በየሰባተኛው ዓመት አንድ ሳምንት ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ሸንጎው ተቀበለው። ታሪኩን የጻፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የአይስላንድ ጸሐፊ አሪ ነው። 364 ቀን ያለው ዓመት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሙሉ ጽሑፉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በቆየው በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ያለው የፀሐይ ዓመት ይኸው ነው፤ የጨረቃም 354 እዚያው ተጽፏል። አይስላንዳውያንና የመጽሐፈ ሄኖክ ጸሐፊዎች አንዱ ከአንዱ አልወሰደም፤ ለሰባት እኩል የሚካፈል ዓመት መፈለግ ሁለቱንም ወደ አንድ ቁጥር አደረሳቸው።

ቢድ ራሱ ጨረቃን እንዴት እንደያዛት ማየት ደግሞ የሁለቱን ዓለም ልዩነት ያጎላዋል። ግራ እጃችሁን ዘርጉ። አውራ ጣት ሁለት አንጓ አለው፣ የቀሩት አራት ጣቶች ሦስት ሦስት፤ በድምሩ 14። አምስቱን ጥፍሮች ስትጨምሩ 19 ይሆናል። ቢድ የ19 ዓመቱን የጨረቃ ቀመር ተማሪዎቹ በዚህ እንዲይዙት ያስተምራል፤ እያንዳንዱ አንጓና ጥፍር አንድ ዓመት ነው። የሁለቱ እጆች አንጓዎች ያለ ጥፍር 28 ናቸው፣ የፀሐይ ቀመር። አሥራ ዘጠኝን በ28 ስታባዙ 532 ይመጣል። ይህን የያዘ ሰው ደመና ለወር ቢዘጋበት፣ ከክፍሉ ባይወጣ፣ የጨረቃን ዕድሜ ከመዳፉ ያነባል። አረማዊ አያቱ ግን ደጅ መውጣት ነበረበት።

ይሁን እንጂ ቢድ መዳፉን ብቻ የሚያይ ሰው አልነበረም። ገዳሙ ባሕር ዳር ስለነበር ውሃው በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል ይከታተል ነበር፤ የሙላቱ ሰዓት ከጨረቃ መውጫ ጋር በየቀኑ ወደ 48 ደቂቃ ገደማ እንደሚዘገይ፣ በአንዱ ወደብና በሌላው መካከልም ሰዓቱ እንደሚለያይ ጽፏል። ጨረቃ አንዳንዴ ሠንጠረዡ ከሚለው ዕድሜ አልፋ በሰማይ ስለምትታይበት ምክንያት ደግሞ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ልክ ነበር፤ የ19 ዓመቱ ቀመር ከእውነተኛዋ ጨረቃ በየ300 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ይርቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብር የምትሻ ስለሆነች የምትታየውን ትታ የምትሰላውን ያዘች። የሚገባ ምርጫ ነው፤ ከጃሮ እስከ እስክንድርያ ደመናው አንድ አይደለምና።

የወሮቹ ስም ከአምልኮው ዕድሜ በላይ ኖረ። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ የተጻፈው የሰማዕታት መጽሐፍ እያንዳንዱን የሮማ ወር በአረማዊ ስሙ ጭምር ያስገባዋል፤ የደም ወር እያለ የቅዱሳንን ዕረፍት ይዘረዝራል። በፍራንኮች አገር ሻርለማኝ ለአሥራ ሁለቱም ወራት የአገሬውን ስም በደንብ አስወጣላቸው፤ ኤፕሪል በእሱም ዝርዝር የፋሲካ ወር ነው። ስሞቹ ግን አሁን የተሰፉት በ30 እና በ31 ቀን በሮማ ወራት ላይ ነው፤ ዊንተርፊሌት ጨረቃ ሞላችም አልሞላችም በኦክቶበር አንድ ቀን ይገባል። ከሁሉም ተለይቶ ቦታ ያጣው ሦስተኛው ሊታ ነበር። በኋለኞቹ ዝርዝሮች ቀዳሚ ሊታና ተከታይ ሊታ ብቻ ናቸው ያሉት፣ ጁንና ጁላይ፤ አሥራ ሦስተኛ ለሌለው ካላንደር ትርፍ ስም ምን ያደርግለታል? ትሪሊቲ የሚለው ስም ቢድ ጽፎት ካለበት ምዕራፍ በስተቀር በየትም አይገኝም። የቢድ መጽሐፍ ግን የመነኮሳት መማሪያ ሆኖ በመላው ምዕራብ አውሮፓ ተሠራጭቷል፤ ከ200 በላይ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎቹ ዛሬም አሉ። በፈረንሳይና በጣሊያን ገዳማት የተቀመጡ ጸሐፊዎች የፋሲካን ሒሳብ ሊማሩ ሲሉ፣ አፋቸውን ያልፈቱበትን ቋንቋ፣ ላም በቀን ሦስቴ የሚታለብበትን ወርና ባለ ሦስት ሊታውን ዓመት ፊደል በፊደል ገለበጡ።